የአራት ቀለም ፆም

ሰው ሳይቸግረው የችግር ዘመን መልክ ቢለብስ እውነት ነው ወይስ ማስመሰል? ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣብኝም፤ ከእንጀራዬ ነው የመጣው። ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ሎጎ፣ ታፔላ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የማሸጊያ ካርቶን እሠራለሁ። ዘንድሮ ሁለት ወንድማማቾች የድሮ ጌም ብቻ የሚጫወቱበት ቤት ሊከፍቱ አስበው «መለያችንን በድሮው ጌም ሥዕል አድርገሽ ሥሪልን» ብለው መጡ። ታላቅየው ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን፣ ካሴት የሚገባበትን ጌም እየተጫወተ ያደገ ነው። ታናሽየው የእጅ ብሪክ ጌም ትዝ ይለዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሚያውቀው ሁሉ ፕሌይስቴሽን ነው። ይመጡልናል ብለው የሚጠብቋቸው ደግሞ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ናቸው፤ እነሱ ሲወለዱ ያ ዘመን ካለፈ ቆይቷል።

የምሠራበት ኮምፒውተር ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ያሳያል። እነሱ የጠየቁኝ አራት ነው። ጥርት ያለ ክብ፣ ለስላሳ ጥላ፣ የፈለግኩትን ያህል ደቃቅ መስመር ማውጣት እችላለሁ። እነሱ የፈለጉት ጠርዙ ደረጃ ደረጃ የሆነ ሥዕል ነው። ሥራውን ተቀበልኩ፤ የመጀመሪያውን ካሬ ከማስቀመጤ በፊት ግን ይህን እጦት ማን እንደኖረው፣ እኔስ በምን መብት እንደምለብሰው ለራሴ መመለስ ነበረብኝ።

የኖሩት ሰዎች ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዶንኪ ኮንግ የተባለው ጌም ሲሠራ ሺገሩ ሚያሞቶ የተባለ ወጣት ጃፓናዊ አንድን ሰው በጥቂት ነጥቦች መሣል ነበረበት። አፍ የሚወጣበት ቦታ ስላልነበረ ከአፍንጫው ሥር ጢም አደረገለት። ፀጉር ማሳየት ስለሚከብድ ኮፍያ ደፋለት። ሲሮጥ ክንዱ ከሰውነቱ ተለይቶ እንዲታይ ማንገቻ ያለው ቱታ አለበሰው። ያ ሰው ማርዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ መዝጊያ ላይ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ እንደ ማርዮ ለብሰው በዓለም ፊት ቆሙ። አንድ አገር በዓለም አደባባይ እንዲወክለው የመረጠው መልክ፣ አፍ መሣያ ቦታ ከመታጣቱ የተወለደ መልክ ነበር። በዲዛይን ሙያ ውስጥ እስከዛሬ ከዚህ በላይ ያስደነቀኝ ነገር የለም።

በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም የራሱ ሕግ ነበረው። ስክሪኑ በአግድም 256፣ በቁመት 240 ነጥብ ነው። ሥዕል ሁሉ ስምንት በስምንት ከሆኑ ታይሎች ይገነባል። በአንድ ታይል ውስጥ ከአራት በላይ ቀለም አይገባም፤ ለሚንቀሳቀስ ገጸ ባሕርይ ደግሞ አንዱ ለባዶው ቦታ ስለሚውል የሚቀረው ሦስት ነው። በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ከተደረደረ ማሽኑ ትርፉን አይሥልም፤ ስለዚህ ፕሮግራመሮቹ ቁራጮቹ ተራ በተራ ጠፍተው እንዲበሩ ያደርጉ ነበር። ጌሙ ሲጨናነቅ ጠላቶቹ የሚርገበገቡት ለዚህ ነው። በ1985ቱ ሱፐር ማርዮ ብራዘርስ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው። ጌሙ በሙሉ 40 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ተራ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል።

እነዚህ ሰዎች አልፆሙም፤ ተርበው ነበር። ቀለም ቢጨመርላቸው ይወስዱ ነበር፤ ሲጨመርላቸውም ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሱፐር ፋሚኮም በአንድ ጊዜ 256 ቀለም ሲፈቅድ ወደ አራቱ ልመለስ ብሎ የተከራከረ ሠዓሊ አልሰማሁም። እኛ ግን ሞልቶልን ነው የምንተወው። ሞልቶ መተውን ደግሞ ያደግኩበት ሥርዓት በደንብ ያውቀዋል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት። ዐቢይ ፆም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ሁሉም ሲደመር ለግማሽ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ተለይተን እንኖራለን። ረሃብና ፆም ሆድ ውስጥ አንድ ናቸው። በሁዳዴ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጉልበቴን የሚያዝለው ድካም፣ የሚበላው ያጣ ሰው ከሚሰማው የተለየ አይደለም። ልዩነቱ የተራበው ምርጫ የለውም፤ የምፆመው እኔ ግን መሶቡ አጠገቤ ነው። ለዚህ ነው ፆም ከረሃብ ይልቅ በቀላሉ የሚበላሸው። ረሃብ ማስመሰል አያውቅም። ፆም ግን ለታይታ ሊሆን ይችላል፤ ወንጌልም ሰው እንዲያያቸው ፊታቸውን እያጠወለጉ የሚፆሙትን ይነቅፋል። ነቢዩ ኢሳይያስ ደግሞ እንጀራውን ለተራበ የማያካፍል ሰው ፆም እግዚአብሔር የመረጠው ፆም እንዳልሆነ ያስተምራል።

እንግዲህ ሁለት መመዘኛ አገኘሁ ማለት ነው። ማንም በማያየኝ ቦታ እጠብቀዋለሁ ወይ? የተውኩት ነገርስ ወደ ማን ሄደ? እነዚህን ወደ ሎጎ ሥራ ማምጣቴ ቅዱሱን ነገር ማርከስ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ እንደዚያ አይታየኝም። ሃይማኖት በእጄ ሥራ ላይ የሚለኝ ነገር ከሌለው፣ ከሳምንቱ አብዛኛውን ሰዓት ያለ እሱ አሳልፋለሁ ማለት ነው።

«ያኔ ረሃብ፣ ዛሬ ፆም» ብዬ ታሪኩን ለሁለት ከፍዬ እንዳልገላገል የከለከለኝ አንድ ሰው አለ፤ ጉንፔይ ዮኮይ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን፣ ጌም ቦይ የተባለውን የእጅ ጌም ሥራ የመራው እሱ ነው። ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አራት ደረጃ ግራጫ ነው። ባለ ቀለም የእጅ ጌም ያኔም ይቻል ነበር። የአታሪ ሊንክስ በዚያው ዓመት፣ የሴጋ ጌም ጊር በዓመቱ ቀለም ይዘው ወጡ፤ ስድስት ስድስት ባትሪ ይዘው በጥቂት ሰዓት ይጨርሱት ነበር። ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ዋጋውም ከሁለቱ ያነሰ ነበር። ዮኮይ ያረጀ፣ የረከሰና ጠባዩ በደንብ የታወቀ ቴክኖሎጂን በአዲስ ሐሳብ መጠቀም የሚል አቋም ነበረው፤ ቀለሙን የተወውም አውቆ ነው። የተወው ነገር ደግሞ የሄደበት ይታወቃል፤ ባትሪ በየቀኑ መግዛት ወደማይችል ልጅ ኪስ ሄዷል። ዮኮይ ኢሳይያስን ያንብብ አያንብብ አላውቅም፤ ሥራው ግን የኢሳይያስን ጥያቄ ይመልሳል።

ወንድማማቾቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም ነበር። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያወጣላቸውን ሥዕል በስልክ አሳዩኝ፤ ጆይስቲክ የጨበጠ አንበሳ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ወደ ኮምፒውተሬ አስገብቼ አጎላሁትና ጎፈሩ ላይ ስደርስ ካሬዎቹ እኩል አልነበሩም። አንዱ ሰፊ ነው፣ ጎረቤቱ ጠባብ ነው፣ ሦስተኛው ጭራሽ ካሬ አይደለም። በዓይኑ ዙሪያ ነጥብ የመሰለው ነገር ግማሹ ወደ ብርቱካናማ የሚሟሟ ጥላ ነው። ከጎፈሩ አንዱ ጫፍ በፍርግርጉ ላይ ሳይሆን በሁለት ረድፍ መካከል ተንሳፍፏል። ቀለሙን በፕሮግራም ባስቆጥረው በሺህ የሚቆጠር ሆነ። ለታናሽየው አሳየሁት።

«ታዲያ ምን አለበት እህቴ? ማን አጉልቶ ያየዋል?» አለኝ።

ከልቡ ነበር የጠየቀኝ፤ መልስም ይገባዋል። አሁን በፆም ወራት ከተማችን ውስጥ የፆም ፒዛ አለ፣ የፆም ኬክ አለ፣ የፆም በርገር አለ። አንድ ጊዜ የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። «አባ፣ ሥጋ የሌለበትን ሥጋ መብላት ፆም ያፈርሳል?» አልኳቸው። «ሥርዓቱን አያፈርስም ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ብቻ ምላስሽ ፆሙ መግባቱን ሳያውቅ ፋሲካ ይደርሳል» አሉ። በማንም ማዕድ ላይ ለመፍረድ አይደለም ይህን የማነሣው፤ ቤት ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ኬኩን ለምን እንደሚገዛ አውቃለሁ። ነገር ግን አንበሳው እንደዚያ ነው። ምንም ሳይተው የተወ ይመስላል። የሚያምርበት ጥላ ሁሉ አለው፣ በላዩ ላይ የካሬ ልብስ ደርቧል። ሚያሞቶ አፍ ትቶ ጢም አገኘ። ይህ አንበሳ የተወው ነገር ስለሌለ ያገኘውም ነገር የለም፤ ከሌሎች አንድ ሺህ አንበሶች የሚለይበት አንድ ምልክት ፈልጌ አጣሁ። ለመለያ ሥራ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም።

ታናሽየው ተቀበለኝ። ታላቅየው ግን የባሰ ጥያቄ አመጣ። «እሺ፣ በትክክል እንሥራው ካልን እኛ ያየነውን ዓይነት መሆን የለበትም? እኔ ካሬ አይቼ አላውቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ከኋላው የሚያብጥ የመስታወት ቱቦ ነበረው። የነጥቦቹ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ አንዱ ቀለም ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል፣ በመስመሮቹ መካከል ቀጭን ጥቁር ክፍተት አለ። ሠዓሊዎቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ ሁለት ቀለም እያፈራረቁ ነጥብ በነጥብ ሲደረድሩ ቴሌቪዥኑ አቀላቅሎ ሦስተኛ ቀለም እንደሚያደርግላቸው ተማምነው ነው። ጠርዙ እንደ ምላጭ የተሳለው ካሬ በጠፍጣፋው ስክሪን ዘመን የመጣ ነው። ያኔ የነበሩ ልጆች ያዩት ሞቅ ያለ፣ ጠርዙ የለሰለሰ ሥዕል ነበር። የዛሬው ናፍቆት በዚያ መልኩ ያልታየን ነገር ነው የሚናፍቀው።

ካሬነቱም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ራስል ከርሽ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1957 የሦስት ወር ልጁን ፎቶ በስካነር ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ 176 በ176 አድርጎ በካሬ ከፋፈለው። ካሬን የመረጠው ለሥራ ስለቀለለው ነው፤ በስተርጅናው በምርጫው ተጸጽቶ ሌላ ዘዴ ሲሞክር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲታይ የድሮውን መልክ በታማኝነት መቅዳት የሚባል ነገር እንደሌለ ገባኝ። የትኛውን መልክ? ማሽኑ የላከውን ነው ወይስ ቴሌቪዥኑ ያሳየውን? የማን ቴሌቪዥን? ታማኝ መሆን የሚቻለው ለመልኩ አይደለም፤ ለሥርዓቱ ነው። ማሽኑ ካስቀመጠው ሕግ ሥር ገብቼ እጄ ምን እንደሚያወጣ ማየት እችላለሁ። የሚወጣው ነገር የ1985 ሰው ያላየው ቢሆንም ውሸት አይሆንም። ፆምም እንደዚሁ ነው፤ የገዳም አባቶችን ፊት አልመስልም፣ የፆሙት ሰዓትና የተውት ምግብ ግን ለእኔም ተጽፎልኛል።

ስለዚህ ሕጉን ጻፍኩ፣ ወንድማማቾቹም ፈረሙበት። አርማው በ16 በ16 ካሬ ውስጥ ያልቃል። ቀለሙ አራት ነው፣ አንዱ የወረቀቱ የራሱ ነጭ ነው። ሲያድግ በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚያድገው፤ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አንድ ተኩል የሚባል የለም። አይዘነብልም። ጥላ አይደረግበትም። ይህ ሕግ ታፔላው ላይ ብቻ ሳይሆን በደረሰኙ ራስጌና በሽንት ቤቱ በር ምልክት ላይም ይሠራል። የመጀመሪያውን ንድፍ የሠራሁት በኮምፒውተር ሳይሆን ካሬ መስመር ባለው ደብተር ላይ በእርሳስ ነው። ዲዛይነሯ ሱዛን ኬርም ለ1984ቱ ማኪንቶሽ ኮምፒውተር 32 በ32 የሆኑትን ምልክቶች እንዲህ ካሬ ወረቀት ላይ ስትቀባ ነው የጀመረችው። ወረቀት ላይ ግማሽ ካሬ ለመቀባት እጅ ያፍራል፤ ማውስ ስይዝ ያን እፍረት አላገኘውም።

ከሁሉም የከበደኝና ከሁሉም የወደድኩት ፊደሉ ነው። የቤቱን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ መጨረሻው «ቤት» የሚል ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል 26 ነው፤ እያንዳንዱ ሰባት በሰባት ውስጥ ይገባና አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ለክፍተት ይተርፋል። የእኛ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው። የፋሚኮም የመደብ ሥዕል ሠንጠረዥ የሚይዘው 256 ታይል ነው። አንዱን ፊደል በአንድ ታይል ብናስገባ እንኳ የሚተርፈው 25 ነው፤ አሥሩን አኃዝ ብንጨምር 15። ደመናው፣ ቧንቧው፣ ግንቡ፣ መሬቱ ሁሉ በ15 ታይል መሠራት ሊኖርበት ነው። ጃፓኖችም በዚህ ተጨንቀዋል። በ1986ቱ ድራጎን ኩዌስት ውስጥ ከካታካና ፊደላት ሃያ ያህሉ ብቻ ናቸው የገቡት፤ የጭራቆቹ ስም ከእነዚያ የሚወጣ መሆን ነበረበት። ድምፅ የሚቀይሩትን ሁለት ትናንሽ ጭረቶች ደግሞ ከፊደሉ ነጥለው ከላዩ ባለው ረድፍ ያስቀምጧቸዋል፤ አንድ ታይል ለብዙ ፊደል ያገለግላል። እኛ ይህን ማድረግ አንችልም። የእኛ ሳልስና ኃምስ ከፊደሉ ገላ ጋር የተሰፋ ነው።

«ቤ»ን ውሰዱ። ግራ እግር አንድ ካሬ፣ መሃሉ ሁለት ባዶ፣ ቀኝ እግር አንድ ካሬ፤ አራት ሆነ። ከቀኝ እግሩ ግርጌ ያለችው ቀለበት ቀዳዳዋ እንዲታይ ቢያንስ ሦስት በሦስት ትፈልጋለች። አንዱ ጎኗ እግሩ ራሱ ሊሆን ስለሚችል ወደ ቀኝ የምትወጣው ሁለት ካሬ ነው። ስድስት። እስከዚህ ድረስ ይገባል። ቀዳዳዋ አንዲት ነጭ ካሬ ናት፤ እሷ ከተደፈነች «ቤ» «ቢ» ትመስላለች፣ የቤቱ ስምም ይበላሻል። ከመላው ታፔላ ላይ እንዳትነካ ብዬ የተከላከልኩላት አንዲት ካሬ ብትኖር ይህች ናት። አሁን «ሼ»ን ውሰዱ። አናቷ ላይ አግድም መስመር አለ፣ እግሯ ሥር ቀለበት አለ፣ በመካከል ቅርጿ «ሰ» መሆኑ መታወቅ አለበት። ስምንቱንም ረድፍ ትጨርሰዋለች። ከላይኛው መስመር የወረደው ቀለበት ከታችኛው መስመር አናት ጋር ይጣበቃል፣ ዓይን ሁለቱን እንደ አንድ ፊደል ያነባል።

በመጨረሻ ስምንት በአሥራ ስድስት አደረግሁት። ማሽኑ ለተንቀሳቃሽ ቁራጮች ይህን መጠን ይፈቅዳል፤ ሕጉን አልጣስኩም። ግን ፊደሉ ሁሉ እንዲህ እጥፍ ሲሆን 462 ታይል ነው፤ ሠንጠረዡ አይበቃውም። ያ ማሽን የእኛን ጽሕፈት በሙሉ በአንድ ሠንጠረዥ ሊሸከም አይችልም ነበር ማለት ነው። በልጅነቴ በአማርኛ የሚጽፍ ጌም አላየሁም። «ጌም ኦቨር» የሚለውን ከእንግሊዝኛ ፊደል በፊት በቅርጹ ለይተን የምናውቅ ልጆች ነበርን። ይህን ሳስብ ናፍቆት የሚለው ነገር ተገለበጠብኝ። የድሮውን ጌም መልክ በአማርኛ ስንሠራ ወደ ነበርንበት አንመለስም፤ ፊደላችን ያልተጠራበት ማዕድ ነበር። አሁን የምሠራው «ቤ» ያኔ ያልነበረ፣ ግን በዚያ ሕግ ሥር ሊኖር ይችል የነበረ ፊደል ነው። ማስመሰል ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ ያገኘሁት ጠንካራው መልስ ይኸው ነው፤ የሚመስለው ነገር የለውም።

ሥርዓት ሲባል ግትርነት እንዳይመስል ስለ ማኅተሙ ልናገር። እንደማንኛውም ድርጅት ክብ ማኅተም ያስፈልጋቸዋል፤ ስሙ በክቡ ዙሪያ ይጠመዘዛል። ፒክሰል ደግሞ አይጠመዘዝም፤ ፊደሉ በዘነበለ ቁጥር ካሬው ከፍርግርጉ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛንና ነፍሰ ጡርን በፆም አታስጨንቅም። በዘመናችን ካሉት የድሮ መልክ ጌሞች በጣም የማከብረው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሾቨል ናይትም እንዲሁ አድርጓል። ሠሪዎቹ ስክሪኑን ለዛሬው ቴሌቪዥን አስፍተውታል፣ መርገብገቡን አስቀርተውታል፣ ከድሮው የቀለም ዝርዝር ውጭም ጥቂት ቀለም ጨምረዋል። ይህንንም በይፋ ጽፈዋል። እኔም በማኅተሙ ላይ አርማውን ብቻ ቀጥ አድርጌ መሃል አስቀመጥኩ፤ ዙሪያውን በተለመደው የአማርኛ ፊደል ጻፍኩት። ፒክሰል የሚመስል ጠመዝማዛ ፊደል መሥራት ይቻል ነበር። መፆም በማይቻልበት ቦታ ፆሜያለሁ ማለት ግን አልፈለግኩም።

ያን ዘመን ያልኖሩት ልጆች ለምን ይናፍቁታል የሚለው ብዙ ሰው የሚነቅፈው ነገር ነው። እኔ አልነቅፋቸውም። ሕማማት ሲደርስ የምንሰግደው ማናችንም ባልነበርንበት ቀን ለሆነ ነገር ነው። ሁለቱን አላስተካክልም፤ አንዱ የመዳናችን ነገር ነው፣ ሌላው ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሰው ካልኖረበት ጊዜ ጋር እውነተኛ ግንኙነት ሊኖረው እንደሚችል ማመን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ግንኙነቱን እውነተኛ የሚያደርገው የሚያስከፍለው ዋጋ ይመስለኛል። ያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሦስት ነፍስ ብቻ ተሰጥቶት፣ ጌሙን ማስቀመጥ ሳይችል፣ ሲሞት ከመጀመሪያው ደረጃ እየጀመረ አንድ ከሰዓት ሙሉ ከተቀመጠ የዚያን ዘመን አንድ ነገር በእጁ ነክቷል። ቲሸርቱን ብቻ ለብሶ ከሄደ አልነካም።

ሁለተኛው መመዘኛ ይቀራል፤ የተረፈው ወደ ማን ሄደ የሚለው። ባለ አራት ቀለም መለያ ለኅትመት ይረክሳል። ወንድማማቾቹ በዚያ ባተረፉት ገንዘብ ምን እንደሚያደርጉ የእነሱ ነገር ነው፤ ታላቅየው ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ያለ ክፍያ ለማስገባት እያሰበ መሆኑን ነግሮኛል። የእኔ ድርሻ ፊደሉ ነው። ለታፔላው ያስፈለጉት ጥቂት ፊደላት ብቻ ነበሩ፤ እኔ ግን ማታ ማታ ቀሪዎቹን እየሠራሁ ነው፣ ከ«ሀ» ተነሥቼ አሁን «ቸ» ላይ ነኝ። 231ዱም ሲያልቁ ከነአኃዙና ከነነጥቡ ያለ ክፍያ እለቀዋለሁ፤ በአማርኛ ጌም ልሥራ የሚል ልጅ ከእንግሊዝኛ ፊደል መጀመር አይኖርበትም። ከወንድማማቾቹ ጋር በተፈራረምነው ውል ላይ ፊደሉ የእነሱ ብቻ እንዳይሆን የሚል አንቀጽ አስገብቻለሁ። ታናሽየው መጀመሪያ «ታዲያ ተፎካካሪያችንም ሊጠቀምበት ነው?» ብሎ ተከራከረ። አዎ አልኩት፤ ታላቅየው ብዕሩን ወስዶ ፈረመ።